ካሽ ጎደለ ተብዬ ስባረር እንዴት ተከራክሬ እንደረታሁ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ካሸር ነበርኩ። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ጢም ሲል ሦስት ካሸሮች ባንድ ማሽን እየተቀባበልን ስንሠራ ከረምንና ጥር ሳያልቅ ኦዲት ተደርጎ ጉድለት ተገኘ ተባለ። ማን እጅ ላይ እንደጎደለ የሚያሳይ ነገር የለም፣ ግን ከሦስታችንም ደሞዝ ይቆረጥ ጀመር (ሆቴል ቤት ብርጭቆ ሲሰበር እንኳን ካስተናጋጅ ነው የሚቆረጠው፣ ለምደነዋል)። ሚያዝያ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ፣ ከምትታሰሪ ይሄ ይሻልሻል" አለኝ።

እሺ ግን ደብዳቤ ስጠኝ አልኩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ያለማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሰውዬው የሚያስፈራራኝ መስሎት "በጥር ወር በተደረገው ኦዲት በተረጋገጠ ጉድለት" ብሎ ማህተም አሳርፎ ሰጠኝ። ጉዱን የሠራችው ይቺ መስመር ናት።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ የክስ ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄድኩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ካይናቸው ጋር እያስጠጉ ሁለቴ አነበቡት፣ እኔ ደግሞ "ጋሼ ኧረ አልሰረቅኩም በማርያም" እያልኩ እነፋረቃለሁ። "መሐላውን ተይው ልጄ፣ ኦዲቱ መቼ ነው? ስንብቱስ?" አሉኝ። ለካ አሠሪ ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ያልፍበታል። ታዲያ ሌባ በዚህ ያመልጣል ወይ ለምትሉ፣ ወንጀሉ ሌላ ነው፣ ፖሊስ አለ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ሆቴሉ ግን ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም።

ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ለፍርድ ቤቱ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ እኔ የከፈልኩት የጽሕፈት ብቻ ነው። ቀኑን ግን አትቀልዱበት፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደሞዝና የስንብት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ጊዜው አልፎበት ውድቅ ይሆናል።

ችሎት ላይ ሆቴሉ የራሱን ሒሳብ ሠራተኛ ምስክር አድርጎ አመጣ፣ እሱም ኦዲቱ ጥር ላይ መደረጉንና ሥራ አስኪያጁ ያኔውኑ መፈረሙን ቁልጭ አድርጎ ተናገረ። ዳኛዋ "እስከ ሚያዝያ ምን ስትጠብቁ ነበር?" ሲሉት ሥራ አስኪያጁ "እየመከርናት ነበር" አለ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። መስረቄ አለመስረቄ ብዙም ሳይነሳ አለቀ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄ ትንሽ ይቆጨኛል፣ ስሜ እንዲጸዳ እፈልግ ነበር።

ስንብቱ ሕገወጥ ነው ተባለ። እዚያ ሰውዬ ሥር መመለስ ስላልፈለግኩ የቀን ደሞዜ በ180 ተባዝቶ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የሥራ ስንብትና ያልወሰድኩት ዓመት ፈቃድ ክፍያ ተወሰነልኝ። የተቆረጠውም እንዲመለስ ታዘዘ፣ ምክንያቱም ሕግ ወይ የኅብረት ስምምነት ወይ የሥራ ደንብ ወይ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይ እኔ በጽሑፍ ካልተስማማሁ ደሞዜ አይነካም፣ ሲቆረጥም ከወር ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም። እዚያው የቀሩት ሁለቱ ልጆች ይሄን ሲሰሙ አንዷ 6 ወሩ ሳይሞላ ከሰሰች፣ ሌላዋ "እንጀራዬን ባጣስ" ብላ ተወችው፣ አልፈርድባትም።

ብሩ ግን ከፍርዱ ጋር አልመጣም። ሆቴሉ ዛሬ ነገ ሲል ፍርዱን በግድ የሚያስፈጽም የአፈጻጸም መዝገብ ፍርድ ቤት ከፈትኩ፣ ለባንካቸው የእግድ ደብዳቤ ሊወጣ ነው ሲባል ሒሳብ ሠራተኛው ራሱ ደውሎ ቼክሽን ውሰጂ አለኝ።