ዋጋው በውስጥ መስመር

እህቴ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ መጋረጃ ትሸጣለች። ጨርቁን ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ካስፈለገም ቤት ድረስ ሄዳ ትለካለች። ባለፈው ክረምት ገበያው ጭር ሲልባት «አንተ፣ እስኪ ማስታወቂያ አሠራልኝ» አለችኝ። በቤታችን ስልክ የሚገባው እኔ ነኝ ተብሎ ስለሚታመን ነው እንጂ ስለ ማስታወቂያ የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም።

መጀመሪያ ያሰበችው ቲቪ ነበር። ሳቅኩባት። ቲቪ የሚያስከፍለው በሰከንድ ነው። ደግሞ ከፍለንስ ለማን? መጋረጃ ሊገዛ ከደሴ ሀዋሳ የሚመጣ ሰው የለም። ቲቪ የሚያዋጣው ሳሙናው በየሱቁ ለተደረደረለት ሰው ነው።

ፌስቡክ ሆነ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለን፣ እንደ ብዙው ሰው፣ ብር ተቀብሎ ቡስት የሚያደርግ፣ ማለትም ለፌስቡክ ከፍሎ ማስታወቂያውን ለብዙ ሰው የሚያሳይ፣ ፒያሳ ያለ ልጅ ጋ ሄድን። በአምስተኛው ቀን 41 ሺህ ሰው አየው ተባለ። ላይኩ ከ600 በላይ። እህቴ ስልኳን ይዛ ጎረቤት ሱቆች ስታሳይ ዋለች። የተሸጠው ግን ባዶ ነው። ላይክ ያደረጉትን አንድ በአንድ እየገባሁ ሳይ ጂዳ፣ ጎንደር፣ ቤይሩት፣ ድሬዳዋ። ልጁ ለካ ቦታ አልመረጠም፣ ያዘዘውም ላይክ ነው። ፌስቡክ ደግሞ ያዘዙትን ነው የሚያመጣው፤ ላይክ ካልከው ያገኘውን ሁሉ ላይክ የሚያደርግ ሰው ለቅሞ ይሰጥሃል፣ መልእክት ካልከው መጻፍ የሚወድ ሰው ይፈልግልሃል፣ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ይኑር አይኑር የራስህ ጣጣ ነው። በሁለተኛው ዙር ሀዋሳ ብቻ፣ መልእክት ብቻ አልን። ያየው ሰው በጣም አነሰ። አራት ሰው ግን ሱቁ ድረስ መጣ፣ አንዷም ለሦስት መስኮት አሰፋች።

ሰውን የሚያሰክረው ይሄ ቆጠራ ነው። የመጀመሪያው የንግድ ቲቪ ማስታወቂያ የሚባለው የቡሎቫ ሰዓት ነው፤ በፈረንጆቹ 1941 ኒውዮርክ ውስጥ፣ የቤዝቦል ጨዋታ ሊጀመር ሲል ለጥቂት ሰከንድ ታየ፣ ዋጋውም ከ10 ዶላር በታች ነበር። ስንት ሰው አይቶት ሰዓት ሊገዛ እንደሄደ ማን ይቆጥራል? በ1994 ሆትዋየርድ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ኤቲኤንድቲ የሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ባነር፣ ሲጫኑት የሚከፈት የማስታወቂያ ሥዕል፣ ሲወጣ ግን ቁጥሩ አብሮት መጣ። ካዩት 100 ሰዎች 44ቱ ተጫኑት ይባላል። ዛሬ መቶ ሰው አይቶት አንድ ሰው ከተጫነው ድግስ ነው።

እማዬ ግን ቁጥር አይገባትም። 41 ሺህ ስላት «ማን ማን አየው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እኔ አላየሁትም። ጎረቤቶቼም አላዩትም» አለች፣ ነገሩ በዚያው አበቃ።

በኋላ ሳስበው ልክ ናት። አንድ ቻናል ብቻ በነበረበት ዘመን ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና በፊት የታየን ማስታወቂያ እኔ አየሁት፣ ጎረቤት አየው፣ ጎረቤት ማየቱንም እኔ አውቃለሁ። በማግስቱ ቡና ላይ ይወራል፣ ልጆች ዘፈኑን ይዘፍኑታል። ስልክ ላይ ግን ለእኔ መጋረጃ ሲያሳየኝ ለጎረቤቴ ጫማ ነው የሚያሳያት። 41 ሺህ ሰው አየው፣ ሁለት ሰው ተገናኝቶ ግን አላወራበትም። እማዬ ዱቄት ሳሙና ስታስገዛኝ ዛሬም «በቲቪ የሚባለውን» ነው የምትለው፤ ስሙን አትጠራም፣ ባለሱቁም አይጠይቀኝም።

እንዲያውም በእኛው አቆጣጠር በ2011 አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የአልኮል መጠጥ በቲቪና በሬዲዮ እንዳይተዋወቅ ሲከለከል፣ ቢራዎቹ ከስክሪን ድንገት ጠፉ። ስንቱ የመዝናኛ ፕሮግራም ስፖንሰር አጥቶ ሲንጫጫ፣ እማዬ «ፋብሪካዎቹ ተዘጉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቢራ አትጠጣም። ከቲቪ የጠፋ ነገር ግን ለሷ ከዓለም የጠፋ ነው።

እኔና እህቴን ያጣላን ሌላ ነገር ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር።» ሰው ኮሜንት ላይ «ስንት ነው?» ይላል፣ እሷ «ኢንቦክስ» ትላለች። ጠዋት የተጠየቀችውን ሱቅ ዘግታ ቤት ከገባች በኋላ፣ ራቷን እየበላች በአንድ እጇ ትመልሳለች። ያ ሰው እስከዚያ ሦስት ሱቅ ጠይቋል። ቲቪም ዋጋ አይናገርም፣ እሱስ እውነት ነው፣ ግን ቲቪን ማንም መልሶ አይጠይቀውም። ስልኩ ላይ ሰው ስለሚጠይቅ መልሱም የማስታወቂያው አካል ነው፤ ቡስቱ ገንዘብ ይበላል፣ ገዢው የሚያመልጠን እዚያች መልስ ላይ ነው።

«ዋጋውን ጻፊው» አልኳት። «ጎረቤቶቹ ያዩብኛል» አለች። «እነሱ እኮ መጥተው በአፋቸው ይጠይቁሻል!» ጨርቁ በየጊዜው ስለሚጨምር ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያከስረኛል የምትለው ነገር ግን እውነት አላት፣ እሱን አልካድኩም። በመጨረሻ «እስከ ቅዳሜ የሚቆይ ዋጋ» ብለን በሜትር ጻፍነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ስልኳን ዘርግታ ገባች። ስክሪንሹት ነው፣ ዋጋው ጎላ ብሎ ይታያል። እማዬ ሱቁ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«በቲቪ አይተሽው ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ በስልክ ነው።»

እማዬ የራሷን ባለቁልፍ ስልክ ከመቀነቷ አውጥታ ትንሽ አየት አደረገችውና መለሰችው። ሴትዮዋ 8 ሜትር አስቆረጠች፣ ቡናማውን።