ሰርቨሩ በ10:00 ይዘጋል

መልእክቷ ይህችው ነበረች፦ «ሰርቨሩ በ10:00 ይዘጋል። ሥራዎን ያስቀምጡ።»

የላከችው ማሽን ናት። እኔ ከዋዜማው ማታ ጽፌያት፣ ትእዛዝን በሰዓቱ የሚያስፈጽመው ታስክ ሸጀለር ላይ ሰዓቷን ሞልቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ዊንዶውስ ላይ ኤምኤስጂ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ከጎኗ የኮከብ ምልክት ታደርጋለህ፣ ጽሑፍህን ታስከትላለህ፣ በቃ። ሰርቨሩ ላይ የገባ ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ብቅ ይልበታል። የኛ ሒሳብ ክፍል በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ከራሱ ስክሪን ሆኖ በኔትወርክ፣ ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ስለሚሠራ ከዚህ የቀለለ መንገድ አልታየኝም።

ጠዋት 3 ሰዓት ከ45 ላይ ሳጥኑ ብቅ አለ። ልክ 4 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ተዘጋ።

ሒሳብ ክፍል ያሉት አንጋፋ ሠራተኛችን የዱቤ ደረሰኝ እየመዘገቡ ነበር። የምንጠቀምበት ፕሮግራም እዚያው ቢሮ የተሠራ ነው። ሴቭ እስኪባል ድረስ ምንም አይዝም። 43 ደረሰኝ አስገብተው ነበር፣ 43ቱም ሄደ። እየሮጥኩ ክፍላቸው ስገባ አልጮሁብኝም። ሳጥኑ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ወረቀት ላይ ገልብጠውት ነበር። ወረቀቱን ዘረጉልኝና «አንተ ልጅ፣ 10 ሰዓት አላልክም እንዴ?» አሉኝ።

ብዬአለሁ። ለማሽኑ 10:00 ማለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ለእሳቸው ግን ጽሑፉ አማርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ ቀኑን የሚቆጥረው ከማለዳ 12 ሰዓት ተነስቶ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የፈረንጅ ሰዓት ሁላችንም ሳይታወቀን እየቀየርን ነው የምናነበው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገባ 10:00 ግን የማንም ዓይን አይቀይረውም። እሳቸውም «ገና ነው፣ ለከሰዓት ነው» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። በትክክል ነው ያነበቡት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እስከ ምሳ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እኔ ደረሰኙን አነባለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። የካርቦን ኮፒው ደብዝዟል። ሦስት ይሁን ስምንት ለመለየት አንዳንዱን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ነበረብኝ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የቆረጥኩት፦ ሰው በሚያነበው መልእክት ውስጥ ከእንግዲህ ሰዓት አልጽፍም። የቀረውን ደቂቃ ነው የምጽፈው። ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ዊንዶውስን በትእዛዝ ስትዘጋው 600 ብለህ ሰከንድ ትሰጠዋለህ፣ ወደ ታች ይቆጥራል። ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ሲስተም የሚሠሩ ማሽኖች እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው የሚቆጥሩት። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰከንድ የፈረንጅም የሐበሻም የለውም።

ለዚህ ሥራ ፍቅር ያደረብኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። በ1996 ዓ.ም. ላቦራቶሪያችን ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ኔት ሴንድ ብለን ስንጽፍ ክፍሉ ማዶ ያለው ጓደኛችን ስክሪን ላይ ጽሑፋችን ብቅ ይላል። ያለ ኢንተርኔት፣ በገመድ ብቻ! እስከ ዛሬ ያ ደስታ አልጠፋብኝም። ነገር ግን ያንኑ በር ማስታወቂያ የሚበትኑ ሰዎች አገኙት። ከውጭ በኢንተርኔት እየገቡ የማያውቁትን ሰው ስክሪን በሳጥን ያጥለቀልቁት ጀመር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 ባወጣው የኤክስፒ ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ (የማሻሻያ ጥቅል) አገልግሎቱን ዘግቶት መጣ፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ ወጣ። አዘንኩ፤ ግን ልክ ነበሩ።

አሁን ዋናው ሥራዬ የመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስ በዩኤስቢ አንድ ትንሽ የሊኑክስ ማሽን ላይ ተሰክቷል። ነት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር እየተከታተለ በኔትወርኩ በር (ፖርት) 3493 ለሌሎቹ ማሽኖች ይነግራል፦ በባትሪ ላይ ነን፣ ባትሪው እያለቀ ነው፣ መብራት መጣ። መብራት ሲጠፋ መልእክቱ በራሱ ወደ ሁሉም ይሄዳል ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ። መጀመሪያ የጠፋ ዕለት ግን ለማንም አልደረሰም። ሎጉን (ማሽኑ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ) ሳየው ማሽኑ የድርሻውን ተወጥቷል፣ በሰዓቱ ልኳል። ማሽኖቹን በገመድ የሚያገናኘውን ኔትወርክ ስዊች ነው የግድግዳ ሶኬት ላይ የተውኩት። መብራቱ ሲሄድ መንገዱም አብሮ ሄደ። ማስተካከያው አንድ ሜትር የማይሞላ ገመድ ነበር። ስዊቹን ነቅዬ ዩፒኤሱ ላይ ሰካሁት።

ሙሉ በሙሉ የጠፋ ማሽንስ «ጠፍቻለሁ» ብሎ እንዴት ይልካል? መጋዘናችን ሌላ ሰፈር ነው፣ እዚያ ያለችው ማሽን ደግሞ ዩፒኤስ የላትም። ለእሷ የተጠቀምኩት ኤምኪውቲቲ የሚባለውን፣ ማሽኖች መልእክት የሚለዋወጡበትን ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎች ታስቦ የተሠራ ነው። መረጃው በሳተላይት ስለሚያልፍና ውድ ስለነበር መልእክቶቹን እጅግ ትንንሽ አድርገዋቸዋል። ልቤን የነካኝ ግን ኑዛዜው ነው። በእንግሊዝኛውም የሚጠሩት ኑዛዜ ብለው ነው። ማሽኗ ገና በደኅናው ጊዜ፣ ልክ ስትገናኝ፣ ድንገት ብጠፋ ይህን ንገሩልኝ ብላ መሐል ላለው ሰርቨር አደራ ትሰጣለች። ተሰናብታ ከወጣች ኑዛዜው ይቀደዳል። ሳትሰናበት ድምፅዋ ከጠፋ ሰርቨሩ ዝም እንድትል ከተፈቀደላት ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠብቃል። እኔ 60 ሰከንድ ስላልኩት 90 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ አደራውን ያደርሳል። የመጋዘኗ ማሽን ኑዛዜ ሁለት ቃል ነው፦ «መጋዘን ጠፍቷል።»

የቢሮውን መልእክት ያረሙልኝ ግን እኚያው የሒሳብ ክፍል ሴትዮ ናቸው። ደቂቃ አድርጌ ከጻፍኩት በኋላ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ሥራዎን ያስቀምጡ ምን ማለት ነው? ሥራ አቁሙ ነው?» አሉኝ። አስቤው አላውቅም ነበር። «ሴቭ አድርጉ በልና ሰው ይግባው!» አሉ። አሁን የምትሄደው እንዲህ ሆና ነው፦ «መብራት ጠፍቷል። 10 ደቂቃ ቀርቷል። የያዛችሁትን ሴቭ አድርጉና ውጡ።»

ያለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መልእክቷ ወጣች። ከኮሪደሩ ማዶ የእሳቸው ድምፅ ተሰማኝ፣ «ሴቭ፣ ሴቭ!» እያሉ ለልጆቹ ያደርሳሉ። ሰርቨሩ ሲዘጋ አንድም የገባ ሰው አልነበረበትም።