ከአበልጄ ያጣላችኝ እጅ

አሜሪካ ውስጥ ልጅህን ዋና አስመዘገብክ ማለት ራስህንም አስመዘገብክ ማለት ነው። ይሄን ግን ሲያስከፍሉህ አይነግሩህም።

እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የየሰፈሩ የዋና ቡድኖች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይጋጠማሉ። ውድድሩን የሚያካሂደው ወላጅ ነው። ሰዓት የሚይዘው ወላጅ፣ ሕፃናቱን በየተራቸው የሚያሰልፈው ወላጅ፣ ሆት ዶግ የሚጠብሰው ወላጅ። ልጅህን ከውድድር የሚሰርዝብህም ያው ወላጅ።

እኔ ዓይኔን የጣልኩት ሆት ዶጉ ላይ ነበር። ጥላ አለው፣ ጨዋታ አለው፣ ማንንም አያስቀይምም። አስተባባሪዋ ግን "እሱ ሞልቷል፣ የቀረኝ ስትሮክ ኤንድ ተርን ዳኛ ብቻ ነው" አለችኝ። ልጆቹ ሲዋኙና ግድግዳው ጋ ሲዞሩ ደንብ መጠበቃቸውን እያየ የሚቆም ሰው ነው። "እኔ እኮ መዋኘት አልችልም" ብዬ ጻፍኩላት። እውነቴን ነው። ላንጋኖ ድረስ ሄጄ እግሬን ነክሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። "ችግር የለውም፣ ዳኛ ውሃ ውስጥ አይገባም" ብላ የሥልጠናውን ቀን ላከችልኝ።

አሠልጣኟ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይወርድ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡ ቆይተዋል። እሳቸው ግን ገንዳው ዳር ቀርተዋል።

መጀመሪያ ፊሽካ ተማርን። አጭር አጭር ተደጋግሞ ሲነፋ "ተዘጋጁ" ነው። አንዴ ረዘም ተደርጎ ሲነፋ መነሻው ላይ ይወጣሉ። የጀርባ ዋና ከሆነ ውሃው ውስጥ ይገቡና በሁለተኛው ረጅም ፊሽካ መጥተው ግድግዳውን ይይዛሉ። ከዚያ "ቴክ ዩር ማርክ"፣ ከዚያ ጢጥ!

ቀጥሎ ሰዓት አያያዝ መጣ። ሰዓት ያዥ ጢጥ የሚለውን ሰምቶ አይጫንም፣ የማስነሻውን መብራት ብልጭታ አይቶ ነው። የትንንሾቹ የ25 ሜትር ውድድር የሚነሳው ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ድምፁ ገንዳውን ተሻግሮ አንተ ጋ እስኪደርስ ከሰከንድ 7 መቶኛ ገደማ ይበላል። 7 መቶኛ ምን አላት እንዳትሉ። ማይክል ፌልፕስ በ2008 ቤጂንግ ላይ ሰባተኛ ወርቁን ያገኘው በ1 መቶኛ ነው።

በአንድ መስመር ላይ ሦስት ሰዓት ያዥ ካለ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ካመጡ እሱ ይያዛል። ሦስቱም ከተለያዩ መሐለኛው ይወሰዳል። "እዚያ ቆማችሁ መመካከር የለም" አሉ ሴትዮዋ። "ሰዓታችሁ ያሳየውን ጻፉ፣ አለቀ።"

ለምን እንዲህ እንደከረሩ ሲያስረዱን "ሮም፣ 1960" አሉ። ጆሮዬ ቆመ። አበበ ቢቂላ ሊመጣ ነው ብዬ ወንበሬን ወደፊት ሳብኩ። የመጡት ግን ጆን ዴቪት የሚባል አውስትራሊያዊና ላንስ ላርሰን የሚባል አሜሪካዊ ናቸው። 100 ሜትር ፍሪስታይል ነው። የዴቪት ሦስት ሰዓት ያዦች ሦስቱም 55.2 ያዙ። የላርሰን 55.0፣ 55.1 እና 55.1። በሰዓቱ ከሄድክ የቀደመው ላርሰን ነው። በዓይን የሚያዩት ዳኞች ግን እኩል ለእኩል ተከፈሉ። ዋናው ዳኛ ገብተው ወርቁን ለዴቪት ሰጡት፣ የላርሰንም ሰዓት ተነስቶ 55.2 ተባለ። ሁለቱም እኩል ሰዓት፣ አንዱ ወርቅ፣ አንዱ ብር!

ይሄማ ሽምግልና ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ፊቱን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት ያዞረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አበበ እዚያው ሮም በባዶ እግሩ 25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። አበበ ነገር አይወድም፣ ማንንም አላከራከረም።

የቀረው የደንቡ ነገር ነው። በደረት ዋናና በቢራቢሮ ስትዞርም ስትጨርስም ሁለት እጅህ እኩል ግድግዳውን መንካት አለበት። ፍሪስታይል ግን ነፃነት ነው። ልጅ ቢደክመው መሬት ላይ መቆም ይችላል፣ ብቻ እየተራመደ ወደፊት አይሂድ። አንዱ ፍንጭት ሕፃን መሐል ገንዳ ላይ ቆሞ ለእናቱ እስክስታ ሲወርድ አይቻለሁ። ሕጋዊ ነው።

ሴትዮዋ ሲያሰናብቱን "ጥፋት አትፈልጉ። ካያችሁ ደግሞ አትለፉ። ጥርጥር ካለ ለልጁ ነው" አሉን። ፈተናውን አለፍኩ።

ቅዳሜ ሲነጋ ነጭ ቲሸርት በሰማያዊ ቁምጣ ለብሼ ወጣሁ፣ የዳኛ ልብስ ነው። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "የታክሲ ተራ አስከባሪ መሰልክ" አለችኝ። ለዳኞች ዶናት በነፃ ነበር። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ እሱም አለፈኝ።

የተመደብኩት መዞሪያው ጫፍ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ፣ ከገንዳው ማዶ፣ የሐበሻ ድንኳን አለ። ቡና በፔርሙዝ፣ ቆሎ በሳህን። አበልጄ ከነቤተሰቡ አለ። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ነው፣ ከወንድም አላሳንሰውም። የ12 ዓመት ልጁ 50 ሜትር የደረት ዋና ልትዋኝ ነው። አያቷ እንዳያመልጣቸው ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ገብተዋል። አበልጄ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል።

ጢጥ!

ልጅቷ እንደ ጥይት ወጣች። ወደ እኔ ስትመጣ አንደኛ ነበረች። ጎንበስ ብዬ መስመሩ ላይ አፈጠጥኩ። ግራ እጇ ግድግዳውን ነካ። ቀኝ እጇ ከደረቷ ሥር ነበረ፣ እዚያው ታጠፈና ከሷ ጋር ዞሮ ሄደ። ግድግዳውን በዓይኑም አላየውም።

ጥርጥር ፈለግኩ። አጣሁ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጥፋት ያየ ዳኛ አንድ እጁን፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ያወጣል። የዳኞቹ አለቃ ሬፈሪዋ እስክታየው አያወርድም። አወጣሁ።

ከማዶ አበልጄ አየኝ። ፊቱ በራ። እጁን አውጥቶ አውለበለበልኝ። ሚስቱም አውለበለበች። ቡና የምትቀዳዋ ስኒውን አስቀምጣ አውለበለበች። ድንኳኑ በሙሉ ተነስቶ ሰላም አለኝ። እኔ እጄን ማውረድ አልችልም፣ ሬፈሪዋ ሌላ ልጅ ታናግራለች። "ምን ዓይነት ደስ የሚል ሰው ነው፣ እጁን እንኳ አላወረደም" ይላሉ አያትየው በስልክ፣ ኋላ ነው የሰማሁት። አበልጄ ስልኩን ወደ እኔ አዞረልኝ። አያት ከአዲስ አበባ በሁለት እጃቸው ሰላም አሉኝ።

በሁለት እጅ! እሳቸው ቢዋኙ ኖሮ አይሰረዙም ነበር።

ሬፈሪዋ መጣች። ምን አየህ? የቱ ደንብ ነው? የት ቆመህ ነበር? መለስኩ። ወረቀቱን ሞላሁ፣ ፈረመችበት። ልጅቷ አንደኛ ገብታ ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሟ ጎን ሰዓት የለም። ሁለት ፊደል ብቻ፦ ዲ፣ ኪው።

አበልጄ ወደ እኔ መጣ።

"ማነው የሰረዛት?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"እጄን ያወጣሁ ጊዜ።"

ዝም አለ። ፊቱ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው አየሁት። "እኛ እኮ ሰላም ስንልህ ነበር" አለና ዞሮ ሄደ።

ከዚያ ስልክ አያነሳም። ባለቤቴ ነገሩ ሳይከር ሽማግሌ ይግባበት አለችና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት አባቶች ቤታችን መጡ። አንደኛው አገር ቤት ዳኛ የነበሩ ናቸው። ሁለተኛው ዲሲ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሦስተኛው የሰበካ ጉባኤ ሰው ናቸው፣ ለሰላም ሲሉ የማይተዉት ነገር የለም። አበልጄ ከነልጁ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ቡና ተፈላ።

"ስንቱ ትኬቱን ጥሎ መጥቶ አሳልፌዋለሁ" ብለው ጀመሩ የፓርኪንጉ አባት። "አንተ አንዲት እጅ ማሳለፍ አቃተህ?"

"አባባ፣ ደንቡ…"

"ይግባኝ የት ነው የሚባለው?" አሉ ዳኛው።

"ለሬፈሪዋ ብቻ ነው። የሷ ውሳኔ የመጨረሻ ነው።"

"ሰበር የለውም?"

"የለውም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰበር የሌለው ፍርድ! ይሄማ ከደርግም የባሰ ነው።"

አበልጄ ከጥግ ሆኖ "የኛን ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስን እንኳ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ማን ሰረዘው?" አለ።

"ሮቤል ምን አጠፋ?" አልኩ። በሮቤል ሲመጡብኝ አልወድም። "100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨረሰ። ዘገየ እንጂ ደንብ አልጣሰም። ደግሞ ፍሪስታይል ነው፣ በአንድ እጅ መንካት ይቻላል።" ከዚያ የፓሪሱን ነገርኳቸው። በ2024 ኦሊምፒክ አሌክስ ዋልሽ የምትባል አሜሪካዊት 200 ሜትር ድብልቅ ዋና ላይ ሦስተኛ ወጥታ ነበር። ከጀርባ ዋና ወደ ደረት ዋና ስትዞር፣ ግድግዳውን ከመንካቷ በፊት ከጀርባዋ አልፋ ተገልብጣለች ተብሎ ተሰረዘች። ነሐሱ ቀረ።

የሰበካው አባት አዘኑ። "ሽማግሌ የሚልክላት ሰው አጣች?"

ይሄኔ ልጅቷ ከስልኳ ቀና አለች። "እኔ እኮ አውቄያለሁ። ኮቼም ነግሮኛል። ዳዲ ብቻ ነው ያልገባው።"

ቤቱ ጸጥ አለ። አበልጄ ቡናውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"እስቲ አሳዪን" አሉ ዳኛው።

ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ግድግዳ መረጠች። መሐል ሳሎን በደረት ዋና መጥታ ሁለት እጇን ጠፍ አደረገች። ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። "ቀኟ ዘገየች!" አሉ። "የለም፣ እኩል ነው!" አሉ የፓርኪንጉ። "ድገሚው።" ደገመች። ዳኛው ተነስተው ግድግዳው ጋ ጎንበስ አሉ። "ከቆምኩበት በደንብ ይታያል፣ ግራዋ ቀድማለች።" የፓርኪንጉ አባት "እርስዎ ከጎን ነዎት፣ ምን ያያሉ!" አሏቸው። ሰበካው "ጥርጥር ካለ ለልጅቷ ይሁን" አሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ልጅቷ መሐላቸው ቆማ መሳቅ ጀመረች፣ አበልጄም ሳያስበው ሳቀ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ምርቃት ተከተለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አስተባባሪዋ ለመጪው ቅዳሜ ሰዓት ያዥ ጎድሎባት በቴክስት ቁም ስቅሌን ታሳየኝ ነበር። ሦስቱን አባቶች አየኋቸው። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ጊዜ አላቸው፣ ዳኝነቱ ጥሟቸዋል። ቆብ የሚሰጥ ከሆነ እንመጣለን አሉ።

ቅዳሜ መስመር 4 ላይ ሰዓታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተደርድረው ተቀመጡ። ብልጭታውን አይታችሁ ተጫኑ ብዬ ደጋግሜ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው የትንንሽ ወንዶች 25 ሜትር ፍሪስታይል ነበር። ልጁ እየተንደፋደፈ መጥቶ ነካ። ሦስቱም ተጫኑ። እኔ ከጎን ሆኜ አያቸዋለሁ፣ 24.31፣ 24.52 እና 25.10። መሐለኛው 24.52 ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሦስቱንም መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

ሦስቱ ጭንቅላታቸውን አገናኙ።

"ልጁ ለፍቷል፣ የኔን 24.31 እንስጠው" አሉ የፓርኪንጉ።

"በቀረበው ማስረጃ 24.52 ነው" አሉ ዳኛው።

"እኔ 25.10ሬን ትቻለሁ። ለሰላም ስል" አሉ ሰበካው።

የሰዓት ያዦቹ አለቃ ብዕሯን ይዛ መጣችና ሦስቱን ቁጥር ጠየቀች። ዳኛው ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ አዲሱን ቆባቸውን አውልቀው፣ "ዊ አግሪድ፣ ትዌንቲ ፎር" አሏት።