ቅጹን አስዘጋኋት

ዛሬ ሁለት የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችን ይዤ እስራኤል ውስጥ ረሖቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት እናት ቤት ሄድኩ። ነገ የአይሁድ ማኅበረሰብ ተቋማትን እንዲመሩ የምናሠለጥናቸው ወጣቶች ናቸው። አንደኛዋ ቅጹን አውጥታ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፤ የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ያስተረጉማል። ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ዕዳቸው። እማማ አንገታቸውን ደፉ።

ልቤ ተነካ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አይሁዶችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ባመጣው ዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጣነው ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዷ ነኝ። ገና ልጅ ሳለሁ በየቢሮው ለአባቴ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። የልጅ አፍ ሲመራቸው የተሰማቸውን ዛሬም አልረሳሁትም።

ቅጹን አስዘጋኋት፤ ልጁንም ወደ ጨዋታው ላክሁት። «እማማ፣ መጀመሪያ ስለ ጎንደር ያጫውቱን» አልኳቸው። ቡና ፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ከቅጹ ጥያቄዎች የሚበልጠውን ራሳቸው ነገሩን።

በጀትና ስብሰባ መምራትን ክፍል ውስጥ ይማሩታል። ቤተሰብ ሲጋጭ ሰው ከቢሮ በፊት ለምን ወደ ቄሱ፣ ማለትም ወደ አይሁድ ሃይማኖት አባታችን፣ እና ወደ ሽማግሌው እንደሚሄድ ግን ማን ያስተምራቸዋል? ይህን ሳያውቁ ማኅበረሰባችንን እንዲመሩ አልፈልግም።

ስንወጣ ተማሪዋ ደረጃው ላይ ቆማ «ለትልቅ ሰው ‹እንደምን ዋሉ› እንዴት ነው የሚባለው?» አለችኝ። እስከ መኪናው ድረስ ስትለማመድ ሄደች።