አሜባ ነው ከማለታችሁ በፊት የመድኃኒት ከረጢቱን እዩ

ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አባት ወይም እናት ተቅማጥ ሲይዛቸው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን በሉ?» ነው። ከዚያ በፊት ግን በ3 ወር ውስጥ ምን አንቲባዮቲክ እንደወሰዱ ይጣራ። ሴፍትሪያክሶን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኦግመንቲን ወይም ክሊንዳማይሲን ካለበት፣ በ24 ሰዓት ውስጥም 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ካስቀመጣቸው፣ ሲ ዲፍ የሚባለው ባክቴሪያ መጠርጠር አለበት። መድኃኒቱ የአንጀትን ደህና ባክቴሪያዎች ሲጠርግ ሲ ዲፍ ቦታውን ይይዝና መርዝ ያመነጫል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የሰገራ ምርመራ በማይክሮስኮፕ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ደግሞ መርዝ አይታይም። «አሜባ ነው» ተብሎ ፍላጅል ይታዘዛል፤ ተቅማጡ ትንሽ ጋብ ይልና ይመለሳል። ስለዚህ «የሲ ዲፍ መርዝ ምርመራ ይሠራልን» በሉ። ናሙናው የዕቃውን ቅርጽ የሚይዝ ፈሳሽ መሆን አለበት። ባክቴሪያውን ሳይታመሙ የሚሸከሙ ሰዎች ስላሉ፣ ጠጠር ያለ ሰገራ ቢመረመር ያሳስታል። ከዳኑ በኋላም መልሶ መመርመር አያስፈልግም።

ተቅማጡን ያስነሳው አንቲባዮቲክ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ይቁም። ተመራጩ ፊዳክሶሚሲን 200 ሚ.ግ በቀን 2 ጊዜ ለ10 ቀን ነው፤ ከሌለ በአፍ የሚወሰድ ቫንኮማይሲን 125 ሚ.ግ በቀን 4 ጊዜ ለ10 ቀን። ፍላጅል ሁለቱም ሲታጡና ሕመሙ ቀላል ሲሆን ብቻ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ቫንኮማይሲን ወደ ትልቁ አንጀት አይደርስም። የመርፌው ብልቃጥ ብቻ ከተገኘ ፋርማሲስቱ 500 ሚ.ግውን በ10 ሚ.ሊ ውሃ ያሟሟዋል፤ 2.5 ሚ.ሊ በአፍ የሚወሰድ አንድ መጠን ነው፣ አንድ ብልቃጥ ለአንድ ቀን ይበቃል። መራራ ስለሆነ በጭማቂ ይሰጥ።

ተቅማጥ የሚያስቆመውን ሎፔራማይድ አትስጡ፤ መርዙን አንጀት ውስጥ ያስቀረዋል። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና ፉት እያሉ ይጠጡ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው መጠኑን ሐኪም ይወስን። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል፣ የሚያሸኑ መድኃኒቶችና የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ለጊዜው ይቁሙ እንደሆነ በዚያው ቀን ጠይቁ። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊትን ይጎዳሉ ወይም ይከማቻሉ።

የእጅ አልኮል የዚህን ባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለውን ዘር) አይገድልም፤ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። ፖፖውንና መጸዳጃውን 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡና 10 ደቂቃ አቆዩት።

ተቅማጡ በድንገት ቆሞ ሆድ ከተነፋ መሻል አይደለም፤ አንጀቱ መሥራት አቁሞ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። መቀባዠር፣ ሽንት መቀነስ፣ ነጭ የደም ሴል 15,000 መድረስ ወይም ክሪያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ከ1.5 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ማለፍም ከባድ ምልክት ነው።

ከ5 ታማሚ ወደ 1ዱ ይመለስበታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ8 ሳምንት ውስጥ። «ሲ ዲፍ ነበረባቸው» ብላችሁ ቀኑን በወረቀት ጻፉና በካርዳቸው ላይ አያይዙት፤ ቀጣዩ ሐኪም አንቲባዮቲክ ከማዘዙ በፊት ያየዋል።