የዶሮ ቤት በር በመረሬ መሬት ላይ

ባለፈው በጋ በዶሮ ቤቴ በር ስር ተቆፍሮ የተወሰደብኝ ዶሮ የለም። ደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ ቀበሮውም ባለቤት አልባው ውሻም ሌሊቱን ሲዞር በሚያድርበት ሰፈር ዶሮ ለሚያረባ ሰው ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ የደረስኩበትን ለመሰል አርቢዎች ላካፍል ወደድኩ።

ስለ ግድግዳው ብዙ የምለው የለኝም፤ ከታች ሦስት ረድፍ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ሽቦና ቆርቆሮ ነው። በሽቦው ላይ ግን አቋም አለኝ። በየሱቁ «የዶሮ ሽቦ» እየተባለ የሚሸጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን ሽቦ ዶሮን ውስጥ ለማቆየት እንጂ አውሬን ውጭ ለማስቀረት የሚበቃ አይደለም፤ ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፣ ዝገትም ቶሎ ይጨርሰዋል። ከመሬት ጋር በሚገናኘው ክፍል ላይ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር የሆነና መገናኛው የተበየደ ጋልቫናይዝድ ሽቦ ይግባ እላለሁ። ዋጋው ስለሚከብድ እኔ ምናለሽ ተራ ገብቼ ቁርጥራጭ እየመረጥኩ ነው ያሟላሁት። ሽቦውን ቁልቁል ለመቅበር ዙሪያውን ቦይ መቆፈርም አያስፈልግም። ከግድግዳው እግር ወደ ውጭ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አግድም አንጥፎ በአፈር መሸፈን ይበቃል፤ ቆፋሪ አውሬ ግድግዳው ስር ተጠግቶ ይጭራል እንጂ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቶ ልጀምር አይልም።

ፈተናው ያለው በሩ ላይ ነው። የተነጠፈው ሽቦ በር ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ሰው ይረግጠዋል፣ ካሪዮላ ይፍቀዋል፣ ደፉ ጋም መጋጠሚያ ይቀራል። በዚያ ላይ የእኛ አፈር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በላዩ የቆመውን መቃንም አንዱን ያነሳዋል፣ ሌላውን ያዘነብለዋል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አልዘጋ ብሎ የሚታገላችሁ በር ጥር ላይ ከስሩ ሸለምጥማጥ የሚያሳልፍ ክፍተት ከፍቶ ታገኙታላችሁ። አናጺ ጠርቶ በክረምት የበሩን ታች ማስላግ የተለመደ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከዚህ የከፋ መፍትሔ የለም፣ ምክንያቱም በነሐሴ የተላገው ሁሉ በጥር ለአውሬው በተሰጠ ቦታ ላይ ይደመራል። ደፉ ላይ በስሱ የሚፈስ ሲሚንቶም ከዚህ አይሻልም። አፈሩ ከስሩ ሲሸሽ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ጫፉ ይነሳል፣ ከስሩ የሚቀረው ባዶ ቦታም ለቆፋሪው ግማሹን ሥራ ይጨርስለታል።

በመጨረሻ ያዋጣኝ ደፉንና ሁለቱን መቃኖች በአንድ አርማታ ማሰር ነው። ከበሩ ስፋት በግራም በቀኝም 30 ሴንቲ ሜትር አስበልጬ፣ ወደ ታች ግማሽ ሜትር ያህል አስቆፈርኩ፤ የወጣውን ጥቁር አፈር ሳልመልስ ጉድጓዱን እስከ ግማሹ በገረጋንቲ እያጠጣሁ አስጠቀጠቅኩ። በላዩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ በመስቀል ታስሮ፣ የመቃኖቹ ብረቶችም እዚያው ውስጥ ቆመው አርማታው ፈሰሰ። ግንበኛው «ጌታዬ፣ የሚያድርበት ዶሮ ነው ወይስ ባንክ?» ብሎ ስቆብኛል። መረሬው ጥልቅ ስለሆነ በዚህ መጠን ሥራ እንቅስቃሴው አይቆምም፤ ነገር ግን ደፉና መቃኖቹ አንድ አካል ስለሆኑ ሲነሱም አብረው ይነሳሉ፣ ሲወርዱም አብረው ይወርዳሉ፣ በበሩና በደፉ መካከል ያለው ክፍተት ግን ክረምት ከበጋ አይለወጥም። አርማታው ከመፍሰሱ በፊት የውጭው ሽቦ ጫፍ ውስጡ እንዲቀበር ማድረግ ግድ ነው፤ ያለዚያ መጋጠሚያው እንደገና ክፍት ይቀራል። ሽቦውን በአፈር ፋንታ በጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሸፈንኩት ካሪዮላው አይጎዳውም፣ ጭቃም እግሬ ላይ አይወጣም።

ደፉ ከወለሉ ከፍ ያለ ከንፈር እንዲኖረው አድርጌያለሁ፤ በሩ ሲዘጋ የታችኛው ጠርዙ በዚህ ከንፈር ላይ ከውጭ በኩል ይደገፋል፣ የተነጠፈው ሰጋቱራም ወደ ውጭ አይፈስም። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት የምለውም ለዚህ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሰጋቱራው በተጠራቀመ ቁጥር ይያዛል፤ አውሬም በግንባሩ ሲገፋው ይለቃል፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው ግን በተገፋ ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። ጉድለቱ በጥፍር ከታች ጥጉ ሊጎተት መቻሉ ነው። መሃል ላይ ብቻ የተደረገ መቀርቀሪያ ይህን አይከለክልም፤ ቆልፋችሁ የበሩን ታችኛ ጥግ ያዝ አድርጋችሁ ብትስቡት ሳንቃው ሲለጠጥ ታዩታላችሁ። ስለዚህ አንድ መቀርቀሪያ ከላይ፣ አንድ ደግሞ ከታች ይኑር።

ለመፈተሽ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም፦ ቀን፣ ፀሐይ በበሩ በኩል ስትሆን ውስጥ ገብቶ በሩን ከኋላ መዝጋትና ቁጢጥ ብሎ ከስሩ የሚገባውን ብርሃን ማየት። ትንሿ ጣት የምታልፍበት ብርሃን ካለ ሥራው አላለቀም። ይህንን በጥር፣ አፈሩ ክው ብሎ በደረቀበት ጊዜ አድርጉት፤ በመስከረም የተደረገ ፍተሻ ያታልላል።

ባለፈው የበልግ ዝናብ ማግስት ደፉ ፊት ያለውን ጭቃ ሳይ የሌሊቱ እንግዳ የሠራው ሁሉ ተጽፎ ነበር። በቀኙ መቃን ስር አራት አራት ሆኖ የተሰመረ የጥፍር ጭረት አለ፤ የድንጋዩ ጠርዝ ተገፍቷል፣ ከስሩ ሽቦው ታጥቦ ወጥቶ አንዷ ዘንግ ወደ ላይ ጎበጥ ብላለች። ከዚያ ጭረቱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እየሳሳ እየሳሳ የብሎኬቱ ማዕዘን ጋ ይቆማል። አፈሩ ወደ ኋላ በሰፊው የተበተነ ስለነበር ውሻ ይመስለኛል። እንዲያውም በእኛ አካባቢ ከቀበሮ ይልቅ የሚቆፍረው ውሻ ነው፤ ሸለምጥማጥ ደግሞ መቆፈሩን ትቶ ሌላው የከፈተውን ቀዳዳ ይጠብቃል፣ ካላገኘም በጣሪያ ይሞክራል።

ስጋ መርዞ ማስቀመጥን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። የተመረዘ ስጋ የጎረቤትን ውሻ፣ ጥንብ አንሳውንና ድመቱን ለይቶ አያውቅም። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለው፣ አብዛኛው ምግቡም አይጥ የሆነው ቀይ ቀበሮ በመንዝ ጓሳ ይኖራልና፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለምናረባ ሰዎች ይህ የበለጠ ያሳስባል። አውሬ የቆፈረውን ጉድጓድ በጠርሙስ ስባሪ መሙላትም የልጆችንና የዶሮዎቹን እግር ከመቁረጥ በቀር ያተረፈልኝ የለም። ይልቅ ማታ ማታ የተረፈውን መኖ አንሱ፤ መኖ አይጥን ይጠራል፣ አይጥ ደፉ ስር መንገድ ያወጣል፣ ያንን መንገድ ሌላው ያሰፋዋል።

ያልተፈታልኝ የዶሮዎቹ መውጫ ትንሿ በር ናት። ከላሜራ የተሠራች፣ ወደ ላይ የምትሳብ ናት፤ የእንጨቱ ቦይ በክረምት ስለሚያብጥና ሰጋቱራም ስለሚሞላበት መጨረሻ ሳትደርስ ትቆማለች፣ በቀሪው ክፍተት እግሩን አስገብቶ ማንሳት ለሚችል አውሬ ደግሞ ያ በቂ ነው። ለጊዜው በመቃኑ በኩል ወፍራም ሚስማር በቀዳዳ እየሰካሁ አቆያታለሁ፤ ለቅሶ ወይም ማኅበር ሄጄ የመሸብኝ እንደሆነ ለጎረቤቴ ደውዬ እንድትሰካልኝ እለምናለሁ። ከእንጨት ቦይ ወደ ብረት አንግል ልቀይር አስቤ ነበር፤ ይህንን ሠርቶ ክረምት ያሳለፈ ካለ የቦዩን ስፋትና የላሜራውን ውፍረት ቢጽፍልኝ ውለታው አይረሳኝም።