የእንጨት ምድጃ በር ገመድ ስቀይር፦ 8 ሚሊ ገዝቼ ወደ 10 የተመለስኩበት ምክንያት

የአየር ማስገቢያው እስከ መጨረሻው ተዘግቶም እሳቱ ቦግ ብሎ መንደዱን አይተውም። እንጨቱ ከልማዱ በግማሽ ጊዜ አመድ ይሆናል፤ የበሩ መስታወት ደግሞ በአንድ ጥግ በኩል ብቻ ይጠቁራል። ሦስቱ ከተገጣጠሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በበሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ገመድ ነው። ሥራው ከፍሪጅ በር ጎማ ጋር አንድ ነው፤ እሳት ስለሚጋፈጥ ግን የሚሠራው ከተጠለፈ ፋይበር ግላስ ነው።

ለማረጋገጥ ወረቀት ይበቃል። ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አስገብቼ ዘጋሁና ሳብኩት። በማጠፊያው በኩል ጥርቅም አድርጎ ያዘው። በመቀርቀሪያው በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ግን ሹልክ ብሎ ወጣ። አንድ ቦታ ብቻ ሞክሮ መተው አያዋጣም፤ በየአሥር ሴንቲው ዙሪያውን መሞከር ነው።

ምድጃው አሮጌ ከሆነ ገመዱን ከመንካት በፊት ማሰብ ያስፈልጋል። ድሮ እንዲህ ያለ ገመድ ከአስቤስቶስ፣ ማለትም እሳት ከሚችል ግን ሳንባ ከሚጎዳ የማዕድን ቃጫ፣ ይሠራ ነበር፤ እኔ ባለሁበት እንግሊዝ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራና ገመዱ ተቀይሮ የማያውቅ ምድጃ ካለ አይፋቅ፤ ለባለሙያ ይተው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

የእኔ በር ሁለት ፒን ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ወደ ላይ ሳነሳው ወጣ። ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ በፊቱ አስተኛሁት። ገመዱ በእጅ ሲሳብ አብዛኛው ተላቀቀ፤ ያስቸገረው ከሥሩ የደረቀው አሮጌ ማስቲሽ ነው። በአሮጌ ካቻቢቴ ፍቄ፣ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ድረስ አጸዳሁት። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ግድ ነው፤ የፋይበር ግላስ ብናኝ ቆዳ ላይ ካረፈ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል። ጽዳት ላይ የሚቆጥቡት ጊዜ በኋላ ያስከፍላል፤ አዲስ ማስቲሽ ጥቀርሻ ላይ አይዝም።

የተሳሳትኩት ውፍረቱ ላይ ነው። አሮጌውን ገመድ ለክቼ 8 ሚሊ ሆኖ ስላገኘሁት 8 ገዛሁ። ለካ ያ ገመድ ለዓመታት ተጨፍልቆ የቀጠነ ነው። አዲሱን ሳይጣበቅ ቦዩ (በበሩ ዙሪያ ገመዱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ መስመር) ውስጥ አስተኝቼ በሩን ብዘጋው መቀርቀሪያው ምንም ሳይከብደው ዞረ፤ ወረቀቱም እንደ በፊቱ ወጣ። መለካት ያለበት ቦዩ ነው። የእኔው 10 ሚሊ ስፋት ስላለው ትክክለኛው ገመድ 10 ሆነ። ከሚገባው በላይ መወፈሩም ጉዳት አለው፦ በማጠፊያው በኩል ቀድሞ ስለሚነካ የመቀርቀሪያው ወገን ክፍት ይቀራል፤ በጉልበት ሲዘጋ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ወይም የማጠፊያው ጆሮ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ማስቲሹ ሳይከፈት በፊት ደረቅ ሙከራ።

ርዝመቱን ለማወቅ የቦዩን ዙሪያ ለካሁ፤ 160 ሴንቲ ሆነ፣ 2 ሜትር ገዛሁ። ገመዱ ሲገባ ፈጽሞ አይወጠር። ጥልፍ ስለሆነ ሲሳብ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል። ጥግ ላይ እንዲያውም በጣት ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ ማድረግ ይሻላል። የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ በፕላስተሩ መሃል ቆረጥኩት፤ ያለዚያ ጫፉ ይተረተራል። መጋጠሚያውን በማጠፊያው በኩል አደረግሁት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብዙ የማይነካካው እዚያ ነው።

ማስቲሹ ለምድጃ ተብሎ የሚሸጠው፣ በሶዲየም ሲሊኬት የተሠራው ይሁን። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ተቃጥሎ ይሸታል። በቦዩ ወለል ላይ ቀጭን መስመር ብቻ በቂ ነው። ሲበዛ ገመዱ ይመጠውና ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ያደርገዋል፤ የማይጨመቅ ገመድ ደግሞ ምንም አያሽግም።

ገመዱ ቦታውን ከያዘ በኋላ በሩን መልሼ፣ በመካከል የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ አድርጌ ዘጋሁትና 24 ሰዓት ተውኩት። ፕላስቲኩ ከሌለ የተረፈው ማስቲሽ በሩን ከምድጃው ጋር ያጣብቀዋል። ከመለኮስ በፊት ፕላስቲኩን ማውጣት እንዳይረሳ! የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን፤ ማስቲሹ ትንሽ ይሸታልና መስኮት ይከፈት።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ከሌለ ይገዛ። የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል እኛ አገር የማያውቅ የለም፤ እዚህም ፍሙ ሲዳከምና የጭስ ማውጫው መሳብ ሲያቅተው አደጋው ያው ነው። በእንግሊዝ የግል አከራዮች እንጨት ወይም ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ ጠቋሚውን እንዲያስገቡ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገደዳሉ።

ከጥቂት ሳምንት ማንደድ በኋላ አዲሱ ገመድ ይረግባል። ወረቀቱን ደግሜ ስሞክር ያቺው ታችኛዋ ጥግ ላላ ብላ ነበር፤ የመቀርቀሪያውን ብሎን ግማሽ ዙር አጠበቅሁት፣ ያዘ።